ወጪ የለውም የተባለው ወተት

ሜቲን ያወቅኳት አዳማ፣ ደምበላ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እሷ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበረች። የነጋዴ ዕቃ በኮንቴይነር ሲገባ ከጉምሩክ ጋር የሚከራከረው፣ ኮንቴይነሩ ሲከፈት አጠገቡ ቆሞ የሚያስፈትሸው፣ በመጨረሻም ዕቃውን አስለቅቆ መኪና ላይ የሚያስጭነው ሰው ነው ትራንዚተር ማለት። ፀሐይ ላይ መዋል አለ፣ ከሾፌር ጋር መጯጯህ አለ፣ ፈታሹን መለማመጥ አለ። እሷ ስትቀጠር በድርጅቱ ውስጥ ከጸሐፊዋ በቀር ሴት አልነበረም። ሜቲ ደግሞ መጮህ አታውቅም። ዝም ብላ ትጠብቅና ሌላው ጮሆ ሲደክመው የራሷን ትናገራለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ነጋዴው ሁሉ «የኔን ዕቃ ሜቲ ትያዝልኝ» ይል ጀመር። ማታ ከሥራ ስትገባ ስልኳ አያርፍም ነበር፤ ጫማዋን እያወለቀች እንኳ ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል አጣብቃ ታወራለች።

አባቷ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ፣ እናቷ የጉራጌ ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱም አርፈዋል። ባሏን ጋሮምሳን ያገኘችው እዚያው ሞጆ ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ረጋ ያለ፣ አይጠጣ፣ አይቅም፣ እሑድ አዳማ ከዋለ ከቸርች የማይቀር። ቦንቱን ስትወልድ አጠገቧ አልነበረም፤ መኪናው ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ያረሷት የጋሮምሳ እናት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው። ከወንጂ አንድ ሻንጣና አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዘው መጡና በዚያው ቀሩ። ወንጂ ነው የተወለዱት፤ በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ጥርሳቸውን አበልዞታል፤ ሲስቁ በነጠላ ይሸፍኑታል። ለአራሷ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የዶሮ መረቁን ሲያፈራርቁ ሜቲ ወፈረች፣ ፊቷ ጠራ፣ ወተቷም እንደ ምንጭ ሆነ።

«እዪልኝ» ይሉኝ ነበር ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ልጅቷ ጠብታ ጠብታ አፏን ከፍታ ስትተኛ። «ጌታ ሲሰጥ እንዲህ ነው። እሳት አይፈልግ፣ ዕቃ አይፈልግ፣ ወጪ የለው!»

ጤና ጣቢያ የምትከታተላት ሲስተር ዋፊቃ ጥብቅ ሴት ናት። «ስድስት ወር እስኪሞላት ውሃም ቢሆን እንዳታቀምሷት፤ ጡት ብቻ» አለቻት። ሜቲም እሺ አለች። ችግሩ ጤና ጣቢያው ስድስት ወር ሲል መሥሪያ ቤቱ ሦስት ወር ማለቱ ነው። ፈቃዷ አለቀ።

ሥራ ልትጀምር ሰሞን ወተቷን እያለበች ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረች። በእጇ ነው የምታልበው። አንድ ጠርሙስ ለመሙላት ጀርባዋ እስኪቆረጥ ትጎነበሳለች። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሳይመጣ ዋለ፤ ሲመጣ ያጠራቀመችው ሁሉ ሸቷል። በሩ ላይ ቆማ ወደ ቦዩ ስትደፋው አየኋት። አላለቀሰችም፤ ጠርሙሱን ብቻ አራግፋ አራግፋ መልሳ አየችው።

ይሁን እንጂ መብራት ባይሄድም ለውጥ አልነበረውም፤ ቦንቱ ጡጦ አልይዝም አለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ስልክ ደወሉላት። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ፤ የልጅቷ ለቅሶ ግቢውን ሞልቶታል።

«ሜቲዬ፣ እምቢ አለችኝ እኮ! ያንቺኑ ወተት ነው የሰጠኋት፤ በምላሷ ትገፋዋለች።»

«በማንኪያ ይሞክሩላት እማማ።»

«ሞከርኩ። ትተፋዋለች። ልጄ፣ እያለቀሰች ልቧ ጠፋ እኮ!»

የሕፃኗ ለቅሶ በስልኩ ውስጥ ሲሰማት የሜቲ ጡት በራሱ ወተት ለቀቀ። ወረፋ ላይ ቆማ፣ ከፊቷና ከኋላዋ ወንዶች፣ ሸሚዟ በሁለት ቦታ ረጥቦ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ተራዋ ደርሶ ሰነዱን ማስረከብ ሲኖርባት ፋይሉን ከደረቷ ማንሳት አቃታት፤ የኋላዋን ሰው «ቅደመኝ» አለችው። ከዚያም የሚቀጥለውን።

ሌላ ጡጦ ተገዛ፣ ጫፉ የሰፋ፣ ጫፉ የጠበበ። የቆርቆሮ ወተትም ተሞከረ፤ ሲስተር ዋፊቃ ሳትሰማ። ቦንቱ ሁሉንም አፏን ገጥማ መለሰችው። እናቷ ማታ እስክትመጣ ትራብና ሌሊቱን ሙሉ ስትጠባ ታድራለች። ሜቲ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች። በመጨረሻ ወይዘሮ ሸዋወርቅ «እኔ አመጣልሻለሁ» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኚያ ባልቴት፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ልጅቷን በነጠላ አዝለው፣ በአዳማ አቧራና ነፋስ መናኸሪያ ሄደው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ሞጆ ይወርዳሉ። የከተማው ቆዳ ፋብሪካ ሽታ ያጥወለውላቸዋል፤ እሳቸው ግን በመንገዱ ላይ አንድ ቀን ምሬት አልተናገሩም።

ሜቲ የምታጠባበት ቦታ ደግሞ የለም። ወደቡ ውስጥ ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም። በሩ አካባቢ ለሾፌሮች ሻይ የምትሸጥ ዲንቄ የምትባል ሴት አለች፤ የቆርቆሮ ቤቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዳ ከጀርባ ዱካ አስቀመጠችላቸው። ከመጋረጃው ወዲህ ሾፌሮቹ ፉል እየበሉ ይሳሳቃሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሜቲ አንድ ዓይኗን ስልኳ ላይ አድርጋ ታጠባለች። ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል። ቦንቱ አልባት በአንገቷ እየወረደ፣ ትንሽ ጠብታ ትተኛለች፤ ስትነሳ ደግሞ እንደገና ትፈልጋለች። ሕፃን የጉምሩክን ሰዓት አያውቅም።

የፈሩት ነገር በአንድ ዓርብ ቀን መጣ። የአንድ ትልቅ ደንበኛ ኮንቴይነር ለፍተሻ ወረፋ ይዞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው የሚጠሩት ተብሎ ስለተነገራት ሜቲ ዲንቄ ጋ ሄደች። ቦንቱ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል፤ እየተወች እየያዘች ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስልኩ ሲጮህ ኑዕማን ነበር፤ አብሯት የተቀጠረ የሥራ ባልደረባዋ።

«የት ነሽ? ተጠርተሻል እኮ! ፈታሾቹ ቆመዋል!»

ልጅቷን ከጡቷ አላቃ ለአማቷ ወርውራ ነው የሮጠችው ማለት ይቻላል። ስትደርስ ፈታሾቹ ወደ ሌላ ኮንቴይነር አልፈዋል። ለመነቻቸው። አንደኛው ሰውዬ እያዘነላት «እህቴ፣ ባለቤት ከሌለ አንከፍትም፤ ሕጉ ነው። ሰኞ» አላት። ዕቃው ቅዳሜና እሑድን እዚያው አደረ፤ ደንበኛው ለጨረታ ሊያቀርበው የፈለገው ዕቃ ነበርና ጨረታው አመለጠው። ደንበኛውም ከድርጅቱ ወጣ።

አለቃዋ ጋሽ ኢተፋ ክፉ ሰው አይደሉም። ሠርጓ ላይ ሽማግሌ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ቢሮ ጠርተው አስቀመጧትና ሻይ አዘዙላት።

«ልቆጣሽ አይደለም የጠራሁሽ» አሉ። «እኔም የልጆች አባት ነኝ። ግን ሜቲዬ፣ ይሄ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው። ለጊዜው ቢሮ ሆነሽ ሰነዱን አዘጋጂ፤ ሜዳውን ኑዕማን ይያዘው። ደሞዝሽ አይነካም።»

«ደንበኞቼስ?»

«ለጊዜው ነው አልኩሽ እኮ። ልጅሽ ትደግ።»

ምን ትበላቸው? ያሉት ሁሉ እውነት ነው። «እሺ ጋሽ ኢተፋ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ደሞዙ በእርግጥም አልተነካም። ይሁንና ትራንዚተር የሚኖረው በደሞዙ አይደለም፤ ዕቃው ሲወጣለት ደስ ያለው ነጋዴ በሚሰጠው ነው፤ ከዚያም በላይ በስሙ ነው። ወር ሳይሞላ ሰዉ የኑዕማንን ስልክ መያዝ ጀመረ። የሜቲ ስልክ ማታ ማታ ዝም አለ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ደብተር ሳርም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ደውይልኝ እስቲ፣ ስልኬ ይሠራ እንደሆን ልየው» አለችኝ። ደወልኩ። ጠራ። «ይሠራል» አለች፤ ሄደች።

ቢሮ መሆኑ ለማጥባቱም አልጠቀመም። ሰነድ እያዘጋጀች ቶሎ ቶሎ መውጣት ስለማይቻል ጡቷ ግት ብሎ ይውላል። መጸዳጃ ቤት ገብታ ወተቷን ልታልብ ስትሞክር በሩ ይንኳኳል። በግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ቀላ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹላት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አንዘፈዘፋት፤ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ሲስተር ዋፊቃ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «ለምን እስካሁን ቆየሽ? ይሄ እኮ መግል ይዟል።»

«ሥራ ነበረብኝ።»

«መድኃኒት ትወስጃለሽ፤ ይከፈታል። ማጥባቱን ግን እንዳትተዪ። በቀኝ ቀጥዪ፤ ግራውንም እያለብሽ አስወጪው።»

ሜቲ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማኋት። «ሲስተር፣ ስትይዘኝ እኮ ጥርሴን ነክሼ ነው» አለቻት። «ልጄ ልትጠባ ስትመጣ እየፈራኋት ነው የምውለው። እንዲህ ያለ እናት አለ?»

ሲስተር ዋፊቃ የያዘችውን ካርድ አስቀመጠች። ጥብቅነቷ ከፊቷ ላይ ሄዶ ነበር። «አለ» አለቻት ቀስ ብላ። «በየቀኑ ይመጣሉ። ግን የምሰጥሽ ሌላ ምክር የለኝም።»

እብጠቱ ተከፍቶ መግሉ ወጣ። ቁስሉ እስኪሽር የግራው ወተት ደረቀ፤ በትኩሳቱና በእንቅልፍ ማጣቱ የቀኙም ቀነሰ። ቦንቱ ርቧት ስለነበር ይመስለኛል በመጨረሻ የቆርቆሮ ወተቱን በሲኒ ጫፍ መቅመስ ጀመረች። መጀመሪያ በጥርጣሬ፣ በኋላ በሁለት እጇ ሲኒውን ይዛ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ እልል አሉ። ሜቲ አልጋው ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጄ ጠገበች ብላ ደስ ብሏታል፤ ልጄ እኔን ተወችኝ ብላ ከፍቷታል፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

የሰው አፍም አልቀረላትም። ከቸርች ለጥየቃ የመጡ ሴቶች ቆርቆሮውን መስኮት ላይ አይተው ተያዩ። አንዷ «ውይ ሜቲ፣ ጡትሽን ነሳሻት? ጌታ በነፃ የሰጠሽን?» አለቻት። ሜቲ ሻይ ቀዳችላቸው። ቁስሏን ለማንም አላሳየችም።

ያም ሆኖ ጥቂት ሳምንት ዕፎይ ብለው ነበር። ሜቲ ሥራዋ ተመለሰች፣ ሸሚዟ ደረቀ፣ ጋሽ ኢተፋም «ከሚቀጥለው ወር ሜዳ ትወጫለሽ» አሏት። ወዲያው ያ ቦንቱ የለመደችው ወተት ከአዳማ ጠፋ። ፋርማሲው ሁሉ «ዶላር የለም፣ አይገባም» ይላል። ፍራንኮ ሰፈር አለ ሲባል እሮጣለሁ፣ መብራት ኃይል ሰፈር አለ ሲባል እሷ ትሮጣለች። ሻሸመኔ ድረስ ሰው ላክን። ጋሮምሳ ከጅቡቲ ሌላ ዓይነት ይዞ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። ስንት ማንኪያ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ከሥዕሉ ገምተን ነው የሠራነው። በዚያ ላይ የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በበርሜል የተጠራቀመውን ነው አፍልተው የሚጠቀሙት።

«ዱቄት አይደለም የምታጠጧት» ይሉ ነበር ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ «ውሃ ነው። እኔ ውሃን አላምነውም።» ግን እሳቸውም ሌላ መላ አልነበራቸውም። እያፈሉ፣ እያቀዘቀዙ፣ ሲኒውን እየቀቀሉ ሲዳክሩ ይውላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጧት ቦንቱ ተቅማጥ ጀመራት። እሑድ ያስመልሳት ጀመር። ሰኞ ሆስፒታል ስንደርስ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ የጭንቅላቷ ርግብግቢት ሰርጉዶ፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥታ ነበር። የክንዷ ሥር አልገኝ ብሎ መርፌውን ጭንቅላቷ ላይ ሰኩት። ሜቲ ያችን የተላጨች ቦታ እያየች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላነሳትም፤ ሁላችንም ቆመን ነበር። ጋሮምሳ ግድግዳውን ተደግፎ ይጸልያል፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቱ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። እኔ የልጅቷን ጫማ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ከወተቱ ይሁን ከውሃው፣ ከአበጠባበጡ ይሁን ከዕቃው ማወቅ እንደማይችል ነገረን። «የሚቻል ከሆነ ግን ወደ ጡት ብትመልሷት ጥሩ ነው» አለ።

«ደርቋል እኮ» አለች ሜቲ።

«ቶሎ ቶሎ ከጠባች ሊመለስ ይችላል። ቀንና ሌሊት አጠገቧ መሆን ይኖርብሻል።»

ቦንቱ ተረፈች። ሜቲ ልጇን ይዛ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ሞጆ ሄዳ የመልቀቂያ ማመልከቻዋን ሰጠች። ጋሽ ኢተፋ አልተቀበሉም ነበር፤ «ጥቂት ጊዜ ልስጥሽ» ብለው ለመኗት። እሷ ግን ያ ጥቂት ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ልትነግራቸው አልቻለችም። ኑዕማን እስከ በሩ ሸኛት። «የያዝኩት ያንቺን ቦታ ነው፤ አውቃለሁ» አላት። «አንተ ምን አደረግክ?» አለችው። እውነትም ምንም አላደረገም።

ከዚያ በኋላ ሜቲን የማያት አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ጧት ትምህርት ቤት ስሄድ ደረቷ ላይ ልጅ አለ፣ ማታ ስመለስ ደረቷ ላይ ልጅ አለ። መጀመሪያ ልጅቷ ባዶውን ጡት ጎትታ ጎትታ ትጮህ ነበር። ሜቲ አጥሚቱን እየጠጣች፣ ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ቀስ በቀስ የቀኙ ተመለሰ። ግራው እንደ ደረቀ ቀረ፤ ጠባሳው አለ። ቦንቱ ጉንጯ ተመልሶ ሞላ፤ ክንዷ ላይ እጥፋት አወጣች። ሜቲ ግን ፀጉሯ ከግንባሯ ይረግፍ ጀመር፤ ሁለት የመንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ተነቀለ። ስታወራ ቃል ይጠፋታል፤ ዓረፍተ ነገር ጀምራ መሃል ላይ ታቆማለች።

ከዚያ ጋሮምሳ ከጅቡቲ የተመለሰበት አንድ እሑድ ነበር። በረንዳው ላይ ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያስቃት ልቡ ሞላ መሰለኝ፣ «ተመስገን ጌታዬ» አለ። «ያ ቆርቆሮ እንዴት አድርጎ አሟጦን ነበር! አሁን በጡት ሆነልን፤ ምንም ወጪ የለብንም።»

በክፋት አልተናገረውም። ሚስቱን ያመሰገነ ነው የመሰለው። ሜቲ ሳህኖቹን እየሰበሰበች ነበር። ቆመች። አፏን ከፈተች፤ አንድ ነገር ልትናገር መሆኑን አይቼ እኔም ጠበቅኩ። ወይዘሮ ሸዋወርቅም ቀና ብለው አዩዋት።

«አዎ» አለች። ሳህኖቹን ይዛ ገባች።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ምነው እማ?» አላቸው። «ምንም» አሉት። ወጪ የለውም ብለው የጀመሩት እሳቸው ነበሩ።

ቦንቱ ጡት የጣለችው ሁለተኛ ዓመቷን ስታጋምስ ነው። ሜቲ በዚያው ሰሞን አዳማ መሃል ከተማ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ለሱቁ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ በፊት ደንበኛዋ ነበር፤ አሁን ጧት ጧት «እንደምን አደርክ ጋሼ» ትለዋለች። ወደ ሞጆ የመመለስ ነገር ሲነሳ «አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል አሉ፤ እኔ የማውቀው የድሮውን ነው» ትላለች። ብዙ ዓመት የሆነው ይመስል።

ባለፈው ወር ጋሽ ኢተፋ ደወሉላት። ኑዕማን አዲስ አበባ የራሱን ድርጅት ሊከፍት ወጥቷል። «ቦታሽ ክፍት ነው» አሏት። «አዲሱንም አሠራር አንድ ሁለት ሳምንት ታይዋለሽ፤ ላንቺ ምንም አይደለም። ሜዳ ነው የማወጣሽ። ምን ትያለሽ?»

«ላስብበት ጋሽ ኢተፋ» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ መመለሷ ነበር። ሁለተኛውን ፀንሳለች። ለጋሮምሳም ገና አልነገረችውም፤ እኔ ቤት መጥታ ነው የነገረችኝ፣ ቆማ፣ በሩን ይዛ።

«ደስ ይላል» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች። ደግሞ ትንሽ ቆየችና «አንቺ ብትሆኚ ጋሽ ኢተፋን ምን ትያቸዋለሽ?» አለችኝ።

እንድትቀመጥ ብዬ ወንበር ሳብኩላት። እሷ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ከቤታቸው ቦንቱ ስትጠራት ሰማንና «መጣሁ» ብላ ሄደች።

ጋሽ ኢተፋ ሁለቴ መልሰው ደውለዋል። እስካሁን አላነሳችላቸውም።